ሂጂ ወደ ቤትሽ

ያንን ዘፈን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሙሉውን አላልኩም፤ አዝማቹን ነው። ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ከወንበሩ የሚነሳበትን፣ የባጃጅ ሹፌር ድምፁን ከፍ የሚያደርግበትን፣ አረብ አገር ያሉ ልጆች በስልክ ራሳቸውን እየቀረጹ የሚያለቅሱበትን ቦታ።

ሂጂ ወፌ ሂጂ፣ ሂጂ ወደ ቤትሽ፣
በሩ ላይ ቆማለች፣ ስትጣራ እናትሽ።

የሠራሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አገር ቤት ናፍቆኝ እንዳይመስላችሁ፤ አገር ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። የሠራሁት አንዲትን ልጅ ከቤታችን ለማባረር ነው። እነሆ ዛሬ ያቺው ልጅ ትዘፍነዋለች፣ አገሩም ያብዳል። ዩቲዩብ ላይ ከዘፈኑ ሥር «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ይላል። ሕዝብ የተባልኩት እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ሳቢራ ታሂር፣ ቆቦ ግብርና ጽሕፈት ቤት የምሠራው።

ዘፈኑ የወጣ ሰሞን ቢሮ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። «ሳቢራ፣ ይሄ ዘፈኑ ላይ ያለው ቤት እኮ ልክ የእናንተን ይመስላል!» ይሉኛል። ይመስላል ነው የሚሉት! ጥንቅሹ የእኛ፣ ማማው የእኛ፣ ማሳው የእኛ። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ጋዜጠኛው «ይህ የምታወድሺው ቤት የት ነው?» ሲላት፣ «ሮቢት አጠገብ፤ እናቴ ቤት» አለች። ሪሞቱን ወርውሬ ባሌን ልመታው ትንሽ ነበር የቀረኝ። የማን እናት? ዘፈኑ ውስጥም አለ፤

ጥንቅሹ ከደጁ፣ እሸቱ ከማሳው፣
የእናቴን ግቢ፣ እንዴት ብዬ ልርሳው።

የኔ እናት ናት። ያ ግቢ የኔ እናት ግቢ ነው። ይህን አደባባይ ወጥቼ እንዳልናገር ግን አፌን የያዘኝ ነገር አለ፤ አዝማቹ የኔ ነው ካልኩ፣ እንዴት እንደሠራሁት መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ልጅቷ ብርኽቲ ትባላለች። አባቷ አያ ኪሮስ ዋጃ ላይ እህል ነጋዴ ነበር። አባባ ማሽላውን በየዓመቱ ለእሱ ሲሸጥ ሲሸጥ፣ ከንግድ አልፈው ወንድማማች ሆነው ነበር። መስከረም ላይ የብርኽቲ እናት ታመመችና ለሕክምና መቀሌ ተወሰደች። አያ ኪሮስም አንድ ልጁን እኛ ቤት አምጥቶ፣ «እናቷ እስክትድን» ብሎ ትቷት ሄደ። እሷ አሥር ዓመቷ፣ እኔ ዘጠኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ አልጠላኋትም። እንዲያውም ወድጃት ነበር። ወንጭፍ አወራወር ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የከተማ ልጅ ስለሆነች የመጀመሪያዋን ድንጋይ ወርውራ የወደቀው ከራሷ ኋላ ነበር። ማሽላው ሊያፈራ ሲል ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ እንደ ሌላ ወፍ አይደለም፤ ሰማዩን አጨልሞ ነው የሚያርፈው፣ ግማሽ ቀን ከተዘናጋችሁበት የዓመት ቀለብ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ልጅ ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ እየጮኸ፣ እየዘፈነ፣ እየወነጨፈ ይውላል። ከብርኽቲ ጋር ሁለት ሳምንት እንዲህ በደስታ ዋልን።

ከዚያ አንድ ቀን ከዋጃ አንድ ሰው መጣ። አባባንና እማን ከቤት ኋላ ጠርቶ አነጋገራቸው። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። እማ መሬት ላይ ዝርግፍ አለችና በሻሽዋ አፏን አፈነች። ሰውየው ሲሄድ ሮጬ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ጥርሴን አመመኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ዓይኗ ከብርኽቲ ላይ አልነሳ ስላለ፣ እናቴን ያጣሁት ያኔ ነው ብዬ አመንኩ።

መጀመሪያ ዶሮ መጣ። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ብርኽቲ ክርስቲያን ናት፤ ሥጋችን አይገናኝም። እማ ታዲያ እንቁላል የምትጥለውን ቀይ ዶሮ፣ የራሷን ዶሮ፣ ተሸክማ ለጎረቤታችን ለእትዬ ማናለብሽ ወሰደች። ባላቸው ጋሽ ተዋቸው በእነሱ ደንብ አረዷት፣ ወጡ በእነሱ ድስት ተሠራ፣ ተከድኖ መጣ፤ ለብርኽቲ ብቻ! እኛ በደረቅ ሽሮ አጠገቧ ተቀምጠን እሷ ፈረሰኛ ትግጣለች። «እማ፣ ለኔስ?» ብል፣ «አንቺ አይፈቀድልሽም» አለችኝ። ያ ረቢ! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዶሮዬ!

ቀጥሎ ማማዬ ሄደ። ማሳችን ሁለት ማማ አለው። የላይኛው አባባ ለኔ ብሎ የሠራው ነው፤ ከፍ ያለ፣ ጥላ ያለው፣ ከሥሩ «ወተት በጉንጬ» የሚባለው ጣፋጭ ማሽላ የተዘራበት። የታችኛው መንገድ ዳር ነው፤ ጥላ የለው፣ ምን የለው። አንድ ጠዋት እማ፣ «ብርኽቲ ላይኛው ላይ ትውጣ፣ ሳቢራ ታችኛው» አለች። ለምን ብዬ አለቀስኩ። «ትከራከሪኛለሽ?» ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

የታችኛው ማማ ላይ የተቀመጠ ልጅ ከዋጃና ከሮቢት በዚያ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ይታያል። አንዱ መንገደኛ ቀና ብሎ፣ «አንቺ የኪሮስ ልጅ አይደለሽም? እግዜር ያጥናሽ» ቢላትስ? እማ የፈራችው ይህን ነበር። ይህን ያወቅኩት ግን ካደግኩ በኋላ ነው። የብርኽቲ እናት ሞታ ተቀብራ ነበር። አያ ኪሮስ «አርባዋን አውጥቼ ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ፤ እስከዚያ ከሰው አፍ እንዳትሰማብኝ አደራ» ብሎ ልኮ ነበር። መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው የሚነገረው። መንደሩ በሙሉ አውቋል፤ የማናውቅ ሁለት ሰዎች ብንኖር እሷና እኔ ነበርን። ለኔ ያልነገሩኝ አፌ ስለማያርፍ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ያኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነው። ገበያ የምላክ እኔ፣ ብርኽቲ ቤት ትቀመጥ። ውኃ የምቀዳ እኔ፣ ብርኽቲ ይደክማታል። ወንፊት ሊዋስ የሚመጣ ጎረቤት ሁሉ ፀጉሯን ዳበስ፣ ጉንጯን ሳም፤ አንዱ እንቁላል፣ አንዱ በለስ ይዞላት ይመጣል። እኔ በር ላይ ተገትሬ «ሳቢራ ደህና ነሽ?» የሚለኝ እንኳ የለም።

አንድ ቀን ደግሞ እማ ፀጉሯን ስትሠራት ደረስኩ። የኔን ፀጉር ስትሠራ ጭንቅላቴን በጉልበቷ ይዛ፣ እየጎተተች፣ «ዝም በይ!» እያለች ነው። የእሷን ግን አንድ አንዱን ዘለላ ቅቤ እየቀባች ቀስ ብላ ትጎነጉናለች። እትዬ ማናለብሽ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። «አሁን ይህን ሁሉ ደክመሽ ምን ይሆናል፣ ለሚላጭ ፀጉር?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እማም «ለዚሁም ቢሆን ያምርባት» አለችና እንባዋን በክንዷ ጠረገች። አየኋት። ለኔ ፀጉር አልቅሳ አታውቅም። ፀጉሯ አምሮ በደስታ የምታለቅስላትን ልጅ አገኘች ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

በቅናት ተቃጠልኩ። ቅናት ሆድ ውስጥ ነው ይላሉ፤ የኔ ግን ጉሮሮዬ ላይ ነበር፣ እህል አላስውጥ አለኝ። ማታ አጠገቧ ስተኛ ጀርባዬን እሰጣታለሁ። እሷ ምንም አልገባትም። «ሳቢራ፣ እናንተ ቤት እኮ ደስ ይላል» ትለኛለች በጨለማ። እኔም በሆዴ፣ «ደስ ስላለሽ ልትቀሪ ነው?» እላለሁ።

ያን ሳምንት ነው አዝማቹ የመጣልኝ። ታችኛው ማማ ላይ ፀሐይ አናቴን እየጠበሰኝ፣ እሷ ጥላ ሥር ሆና እሸት ስትፈትግ አየኋት። ቆሜ በሙሉ ድምፄ አወረድኩት። ሂጂ ወፌ ሂጂ። ለግሪሳው ይመስላል፣ ፊቴን ግን ወደ እሷ አዙሬ ነው። ሂጂ ወደ ቤትሽ! በሩ ላይ ቆማለች! ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ብርኽቲ ሳቀች፤ እጇን አውለበለበችልኝና ተቀበለችኝ። ድምፅ አላት፣ ምን ላድርግ፤ ከኔ አፍ እንደ ድንጋይ የወጣው ከእሷ አፍ ዘፈን ሆኖ ተመለሰ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አዳመጣት። ይህም አናደደኝ።

ሦስተኛው ቀን ላይ እማ ምሳችንን ይዛ መጣች። ስዘፍን ሰማችኝ። ከማማው ጎትታ አወረደችኝና በጥፊ አለችኝ። በጥፊ መትታኝ አታውቅም ነበር። «ሁለተኛ እናት የሚል ቃል ከአፍሽ ሲወጣ እንዳልሰማ!» አለች። ምሳውን እንኳ ሳትሰጠን ይዛው ተመለሰች።

እስቲ አስቡት፤ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሮ ይህ ምን ማለት ነው? እናት ማለት ተከለከልኩ። እናቴን ጨርሰው ሰጧት። ከዚህ በላይ ምን ቀረኝ?

የቀረኝ ጎታው ውስጥ ነበር። አዲሱ እህል ስላልገባ ጎታው ባዶ ነው፤ እኔ ሳኮርፍ የምደበቀው እዚያ ነው። ገብቼ ቁጭ ስል ከሥሬ ፌስታል ተንኮሻኮሸ። ፈታሁት። ቀሚስ! አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ኮሌታ ያለው፣ ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የተደረደረ፣ ጥቁር ቀሚስ። ብለካው ከእግሬ አለፈ፤ ለእማ ደግሞ አይበቃትም። ለማን እንደተሰፋ ለመገመት አዋቂ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም።

ይህን የሚሰማ ሰው «ጥቁር መሆኑ አልገረመሽም?» ይለኝ ይሆናል። ምን ይገርመኛል? በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ለሐዘን ብሎ ጥቁር የሚያሰፋ የለም፤ የመንደራችን ክርስቲያኖችም ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ እንጂ ጥቁር ቀሚስ የሚለብስ አላየሁም። ያ የከተማ ወግ ነው፣ የዋጃ ወግ። እማ በማታውቀው ደንብ ለሰው ልጅ አደራ መወጣቷ ነበር። አባቷ መጥቶ ሲነግራት የምትለብሰው አጥታ እንዳታፍር ብላ ቆቦ ድረስ ሄዳ ያሰፋችላት ነው።

እኔ ያወቅኩት ለእሷ አዲስ ልብስ እንደተሰፋ፣ ለኔ ዒድ እንኳ እንዳልተሰፋልኝ ብቻ ነው። ቀሚሱን ከላይ ደረብኩት። ታችኛውን ጫፍ በሁለት እጄ ሰብስቤ፣ በማሽላው መሐል እየሮጥኩ ላይኛው ማማ ሥር ደረስኩ።

«ብርኽቲ! እይው! አዲሱን ቀሚስሽን እኔ ለበስኩልሽ!»

ከላይ ቁልቁል አየችኝ። ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታዋ እንዳለ ቀረ፣ ዓይኗ ግን ተለወጠ።

«የማን ነው እሱ?»

«ያንቺ ነዋ! እማ ጎታ ውስጥ ደብቃልሽ ነው። ሁሉ ነገር ላንቺ! እሰይ፣ እኔ ለበስኩት!»

«ለኔ?»

«ላንቺ!» እያልኩ ዞርኩላት፤ ቀሚሱ እንዲነፋ ብዬ።

ቀስ ብላ ከማማው ወረደች። ወንጭፏ እላይ ቀረ። አጠገቤ ቆማ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ያዘችና ነካካችው። የዋጃ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ቀሚስ ለብሰው የሚሄዱ ሴቶች አይታ ታውቃለች። ግሪሳው መጥቶ ማሳው ላይ አረፈ፤ የሚያባርረው አልነበረም። ከዚያ «አደይ» አለች። በትግርኛ እናቴ ማለቷ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ እንደሚጠይቅ ሰው። ሁለተኛው ግን እማን ከቤት አስጩኾ አስወጣት።

እማ ስትሮጥ ሳይ ዱላ መጣልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ ቀሚሱን ከላዬ አወለቀችና ብርኽቲን አለበሰቻት፣ አቅፋትም መሬት ላይ ተቀመጠች። እትዬ ማናለብሽ እያለቀሱ ደረሱ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። እኔ ማሽላ ውስጥ ተቀምጬ ጥንቅሽ እየመጠጥኩ አያለሁ። አዲስ ልብስ ለብሳ የምታለቅስ ልጅ! ሰው ደግሞ ከእሷ ጋር ሲያለቅስላት!

በሦስተኛው ቀን አያ ኪሮስ ራሱን ተላጭቶ መጥቶ ወሰዳት። በማግስቱ ላይኛው ማማ ላይ ወጣሁ። አሸነፍኩ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ በስንት ጊዜ ነው፤ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት አላማጣ መናኸሪያ ቆማ ባየሁ ዕለት፣ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ። እማ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ብርኽቲ አክስቷ ጋ አድጋ አዲስ አበባ ሄደች፣ ዘፋኝ ሆነች። ለእማ ለገናም ለዒድም ትደውላለች። «ሳቢራስ?» ትላለች አሉ። እኔ ስልኩን ተቀብዬ አላውቅም። ማፈርም አለበት፣ መቅናትም አለበት፤ ዘፈኑ ሲወጣ ግን ቅናቱ ማፈሩን በለጠው። እኔ የማፍርበትን እሷ ሽጣ ስትከብር!

አምና ጥቅምት ላይ ክሊፑን ልትቀርጽ መጣች፣ እኛው ቤት። ስሰማ ፈቃድ ጠይቄ ከቆቦ ተነሳሁ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ስደረድር ነው የሄድኩት። አዝማቹ የኔ ነው፤ ስሜ ይጻፍ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ስደርስ እማ ዓይኗ ስለደከመ የብርኽቲን ፊት በእጇ እየዳበሰች፣ «ልጄ፣ ልጄ፣ ከሳሽብኝ» ትላለች። እኔን «መጣሽ?» ብላ አለፈችኝ። በየሳምንቱ የምመጣ ነኛ!

ካሜራ የያዙት ልጆች ዕቃቸውን ሲያዘጋጁ ብርኽቲ ብቻዋን ወደ ማሳው ስትሄድ ተከተልኳት። ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«አዝማቹ የኔ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሕዝብ ያልሽው ምን ቆርጦሽ ነው?»

«ስምሽን ላስጽፍ ብዬ ለእማ ደውዬላት ነበር» አለች። «‹ስሟ ከተጻፈ ሰው እንዴት ገጠምሽው ይላታል፤ ልጄን እንዳታስጠይቂብኝ› አለችኝ። ሕዝብ በይው ያለችኝ እሷ ናት።»

እማ ለብርኽቲ ሞቱን እንደደበቀችላት፣ ለኔ ደግሞ ጥፋቴን ስትደብቅልኝ ኖራለች። የሚያሳዝነው፣ ይህን ከብርኽቲ አፍ መስማቴ ራሱ አስቀናኝ።

«ስድብ መሆኑን ታውቂ ነበር?» አልኳት በመጨረሻ።

«ፊትሽን ወደኔ አዙረሽ እየጮኽሽ?» ሳቀች። «በደንብ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ትዘፍኚዋለሽ?»

«ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ያዝንልኝ ነበር፣ ሳቢራ» አለች። «ለምን እንደሆነ ባይገባኝም ይሸተኝ ነበር። ፊታቸውን ሳይ እፈራለሁ። አንቺ ብቻ ነሽ የቀናሽብኝ። ሁሉ የሞላላት ልጅ አስመሰልሽኝ። ደግሞ በሩ ላይ ቆማለች፣ ትጠራሻለች ያለኝ የመጨረሻ ሰው አንቺ ነሽ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለኝ የለም። እኔ አሳምሬ እዘፍነዋለሁ፤ ሳሳምረው ግን አላምነውም። ያኔ ያመንኩት ሳታዝኚልኝ፣ በንዴት ስላልሽው ነው።» ክንዴን ያዘች። «አንድ ጊዜ በይልኝ። እንደዚያን ጊዜው፣ በንዴት።»

ንዴት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ልጄ፣ ከሳሽብኝ ያለቻት ድምፅ ገና ጆሮዬ ላይ ነው። የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ማሽላ መሐል ቆሜ በሙሉ ጉሮሮዬ ጮኽኩባት። ሂጂ ወፌ ሂጂ! ሂጂ ወደ ቤትሽ! በሩ ላይ ቆማለች! ብርኽቲ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ግን የሚስቅ የልጅ ፊት ነው።

እማ በምርኩዟ እየተደናበረች ከአጥሩ ወጣች።

«አንቺ ሳቢራ! ዛሬም አልተውሻትም? እንግዳ ላይ እንዲህ ይባላል?»

«ተያት፣ እማዬ» አለች ብርኽቲ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ትበለኝ።»

እማዬ አለቻት፣ እኔው ፊት። ጉሮሮዬ ላይ ያ የጥንቱ ቅናት ተነሳ። ድምፄን ከፊተኛው አብልጬ ደገምኩላት።